ፖርቱጋሎች ወደ ሕንድ የወሰዳቸውን ነፋስ እንዴት አገኙት

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቁንዶ በርበሬ ከአውሮፓ ገበታ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይለዋወጥ ነበር። ከሕንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ከማላባር ይነሣል፤ በዐረብና በጉጅራት ነጋዴዎች መርከብ ወደ ኤደን ወይም ወደ ሆርሙዝ ይሻገራል፤ በቀይ ባሕርና በግመል ጀርባ ካይሮና እስክንድርያ ይገባል፤ ከዚያ የቬኒስ ነጋዴዎች ገዝተው ለቀረው አውሮፓ ያከፋፍሉታል። በየኬላው ቀረጥ ይከፈልበታል፣ በየገበያው ትርፍ ይጨመርበታል። ፊቷን ወደ አትላንቲክ ያዞረችው ትንሿ ፖርቱጋል ከዚህ ሁሉ የሚደርሳት ነገር አልነበረም።

የባሕር አሰሳው የተጀመረው ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1453 ቁስጥንጥንያን ይዘው የንግዱን መንገድ ስለ ዘጉ ነው የሚል ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። የዓመታቱ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም። ፖርቱጋሎች በሰሜን አፍሪካ ያለችውን ሴውታን የያዙት በ1415 ነው፤ ቁስጥንጥንያ ስትወድቅ የምዕራብ አፍሪካን ዳርቻ ማሰስ ከጀመሩ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፈው ነበር። መጀመሪያ የፈለጉትም ቁንዶ በርበሬ ሳይሆን በሰሐራ በኩል ይመጣ የነበረውን ወርቅ ነው።

ዋናው እንቅፋት ነፋሱ ነበር። በሰሐራ ዳርቻ ነፋሱም የባሕሩ ፍሰትም ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ደቡብ ይገፋል። ስለዚህ መሄዱ ቀላል፣ መመለሱ ግን ከባድ ነው። ኬፕ ቦጃዶር ከተባለው ቦታ ያለፈ አይመለስም የሚለው የመርከበኞች ፍርሃት ባዶ ወሬ አልነበረም፤ አራት ማዕዘን ሸራ የዘረጋ መርከብ ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ነፋስ ተጋፍቶ ወደ ሰሜን መውጣት አይችልም። በፖርቱጋሉ ልዑል ሄንሪ የተላከው ዢል ኤያነሽ በመጀመሪያው ሙከራው ሳይደፍር ተመለሰ፤ በ1434 ግን ቦጃዶርን አለፈ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ረዷቸው። አንደኛው ካራቬል የተባለችው መርከብ ናት፤ ትንሽና ቀላል ስለሆነች ጥልቀት በሌለው ውኃ ትሄዳለች፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራዋም ነፋሱን በጎን እየተቀበለ ያስጉዛታል። ሁለተኛውና የላቀው ግን ዘዴ ነበር። መርከበኞቹ ሲመለሱ ከነፋሱ ጋር መታገሉን ተዉት፤ ዳርቻውን ትተው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሰፊው ባሕር ይገባሉ፤ የአዞረስ ደሴቶች አካባቢ ሲደርሱ ከምዕራብ የሚነፍሰውን ነፋስ ያገኙና በእሱ እየተገፉ አገራቸው ይገባሉ። ወደ ቤት ለመድረስ ከየብስ መራቅ ግድ ነበር። ዘዴውን ቮልታ ዶ ማር፣ የባሕሩ ዙር፣ ይሉታል።

ይኸው መንገድ ገና ከጅምሩ ሰው መሸጫ ሆነ። በ1444 ከሰሐራ ዳርቻ የተያዙ 235 ሰዎች ላጎስ በተባለችው የፖርቱጋል ወደብ ወርደው በባርነት ተከፋፈሉ፤ ክፍፍሉ ወላጅን ከልጅ፣ ወንድምን ከወንድም ለየ። የባሕር አሰሳው ታሪክ ሲተረክ ይህ ቀን ከመርከቦቹ ስም እኩል ሊነሣ ይገባዋል።

ንጉሥ ዣዎ ዳግማዊ በ1487 የሕንድን መንገድ ፍለጋ በየብስና በባሕር አደረገው። በየብስ ፔሮ ዳ ኮቪልሃና አፎንሶ ዴ ፓይቫ የማር ነጋዴ መስለው እስክንድርያ ገቡ። ከዚያ ወደ ኤደን ወርደው ተለያዩ፤ ፓይቫ አውሮፓውያን ፕሬስተር ጆን ወደሚሉት የክርስቲያን ንጉሥ አገር፣ ኮቪልሃ ወደ ሕንድ። ኮቪልሃ ካሊከትንና ጎዋን አይቶ፣ በምሥራቅ አፍሪካም ሶፋላ ድረስ ሄዶ ካይሮ ሲመለስ ፓይቫ መሞቱን ሰማ። ያየውን ጽፎ ወደ ሊዝበን ከላከ በኋላ የጓደኛውን ተልእኮ ለመፈጸም ራሱ ወደ ኢትዮጵያ አቀና፤ በአፄ እስክንድር ዘመን ደረሰ። በክብር ተቀበሉት፤ መሬትና ሚስት ሰጡት፤ እንዲወጣ ግን አልፈቀዱለትም።

በባሕር የተላከው ባርቶሎሜው ዲያዝ ነው። ወደ ደቡብ ሲወርድ ዳርቻውን ትቶ ለብዙ ቀናት የብስ ሳያይ ተጓዘ፤ ወደ ምሥራቅ ቢዞር መሬት አጣ፤ ወደ ሰሜን ሲያቀና በየካቲት 1488 ዳርቻው ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ አገኘው። የአፍሪካን ጫፍ ሳያየው ዞሮታል። ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕን ያየው መርከበኞቹ ከዚህ አንሄድም ብለው ሲመለስ ነው። ይዞት የመጣው ትልቁ እውቀት በደቡብ አትላንቲክም ወደ ምሥራቅ የሚገፋ ነፋስ መኖሩ ነበር።

ቫስኮ ዳ ጋማ በሐምሌ 1497 በአራት መርከቦችና 170 በሚያህሉ ሰዎች ሲነሣ ይህን እውቀት ሥራ ላይ አዋለው። ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ተነሥቶ የአፍሪካን ዳርቻ በመከተል ፈንታ በሰፊው አትላንቲክ ትልቅ ዙር ዞረና ሦስት ወር ገደማ የብስ ሳያይ ቆየ። ለማነጻጸር፣ ኮሎምበስ ከካናሪ ደሴቶች እስከ ባሃማስ የፈጀበት 36 ቀን ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ግን ጋማ ነፋሱን አያውቀውም። የሚያውቁት የአገሬው መርከበኞች ነበሩ፤ ሞንሱን የተባለው ወቅታዊ ነፋስ በክረምት ከአፍሪካ ወደ ሕንድ፣ በበጋ ከሕንድ ወደ አፍሪካ ይነፍሳል፤ እነሱም ለብዙ ዘመን በዚሁ ሲመላለሱበት ኖረዋል። የምሥራቅ አፍሪካዋ ማሊንዲ ንጉሥ መንገድ የሚያውቅ መርከበኛ ሰጠውና ሚያዝያ 24 ተነሥቶ ግንቦት 20 ቀን 1498 ካሊከት አጠገብ መልሕቅ ጣለ። ያ መርከበኛ ማን እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ መንገዱን የመራው ግን እሱ ነው።

ለካሊከት ገዢ የቀረበው ስጦታ ጨርቅ፣ ባርኔጣ፣ ዛጎል፣ የእጅ መታጠቢያ ሳሕን፣ ስኳር፣ ዘይትና ማር ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ሳቁበት፤ ከመካ የሚመጣ ድኻ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያመጣል አሏቸው። በዚያ የበለጸገ ገበያ የአውሮፓ ሸቀጥ ዋጋ አልነበረውም።

ጋማ ከገዢው ጋር ተጋጭቶ ነፋሱ ሳይዞር ነሐሴ 29 ቀን ተነሣ። ሲመጣ 26 ቀን የፈጀበት ባሕር ሲመለስ ከአራት ወር በላይ ወሰደበት። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ያጡት መርከበኞች በስከርቪ ተያዙ፤ ድዳቸው አብጦ ጥርሳቸውን ሸፈነ፣ እግራቸው አበጠ፤ 30 ያህሉ ሞቱ። ማሊንዲ ደርሰው ጉዟቸውን ከቀጠሉ በኋላ የቀሩትን ሦስት መርከቦች የሚያንቀሳቅስ በቂ ሰው ስላልነበረ ሳዎ ራፋኤል የተባለችውን አቃጠሏት። ከተነሡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አገራቸውን አላዩም።

ፖርቱጋሎች በሸቀጥ ያልቻሉትን በመድፍ ሞከሩ። ጎዋን በ1510፣ ማላካን በ1511 ያዙ፤ በሕንድ ውቅያኖስ የሚነግድ መርከብ ሁሉ የእነሱን የይለፍ ወረቀት እንዲገዛ አስገደዱ። ኤደንን ግን በ1513 አጥቅተው አልቻሏትም፤ ስለዚህ የቀይ ባሕሩ አሮጌ መንገድ ሳይዘጋ ቀረ፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽም ቁንዶ በርበሬ እንደገና በብዛት እስክንድርያ ይገባ ነበር።

ቀይ ባሕርን የመዝጋት ፍላጎት ከኢትዮጵያ ጋር አገናኛቸው። እቴጌ እሌኒ የላኩት ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ደረሰ፤ በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ወረዱ። አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ግቢ ከጠፋ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሆነውን ኮቪልሃን በሕይወት አገኘው፤ ታሪኩንም ከራሱ አፍ ሰምቶ መዘገበው። በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ 400 ወታደሮች ይዞ በምጽዋ ወደብ ገባ፤ በማግስቱ ዓመት ኢትዮጵያን ከወረረው ከግራኝ አሕመድ ጦር ጋር ተዋግቶ ተማረከና ተገደለ። ከወታደሮቹ የተረፉት በ1543 ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ፤ ብዙዎቹም እዚያው አገር ቀርተው ልጅ ወለዱ።