ቀረጥ እየከፈሉ ቦታ ማጣት፦ የጌዴኦ ገበያና የጉሊት ነጋዴዎቹ

በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኘው የአሪቻ ቀበሌ ስም በአውሮፓና በአሜሪካ ቡና ቆዪዎች ማሸጊያ ላይ ታትሞ ይሸጣል። የአሪቻ እሸት ቡና ከገበሬው እጅ ከወጣ በኋላ የሚሄድበት መንገድ በአዋጅ የታጠረ ነው። የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 602ን የተካው የ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1051 ማን ከማን እንደሚገዛ፣ ግብይቱ የት እንደሚካሄድ፣ ጥራቱ እንዴት እንደሚመረመር ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ዲላ ላይ ቡና የሚረከብበት ቅርንጫፍ አቋቁሟል። ከዚያው ቀበሌ ቆጮና ጎመን ተሸክማ ወደ ይርጋጨፌ ገበያ የምትወርድ እናት ግን የምትቀመጥበትን ስንዝር መሬት የሚያስከብርላት እንዲህ ያለ አዋጅ የላትም። ገበያው የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ እሷ የዕለት እንግዳ ናት።

ይህ መጣጥፍ የሚያቀርበው ክርክር አንድ ነው። ከተማ ከጉሊት ነጋዴ የገበያ ክፍያ ሲቀበል ነጋዴዋ እዚያ መቀመጧን አውቆና ፈቅዶ ነው። ደረሰኝ በቆረጠላት ማግስት «ሕገ ወጥ» ብሎ ሊያስነሳት አይገባም።

ጌዴኦ ውስጥ ጉሊት ሌላ ሥራ እስኪገኝ የሚቆዩበት ማለፊያ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዞኑ ከ847 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ስፋቱ ግን 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህም ሕዝቡ ጨምሯል። ይህን ሁሉ ሰው ሲመግብ የኖረው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ እንሰትን፣ ቡናንና የጥላ ዛፍን አንድ ላይ የሚያለማው የጌዴኦ ጥምር እርሻ ነው። ሆኖም ማሳው ለልጅና ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ድርሻው እየጠበበ ይሄዳል። የቡናው ገንዘብ ደግሞ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ነው፤ በአብዛኛውም አባወራው እጅ ይገባል። እንሰት መፋቅና ቆጮ ማብላላት የሴቶች ሥራ ነው፤ ከቆጮ የምትገኘዋን ሳንቲም የሚይዙትም እነሱው ናቸው። ክረምት ገብቶ የቡናው ገንዘብ ሲያልቅ ጨውም ደብተርም የሚገዛው በእሷ ነው።

ይህች ሳንቲም መገኘቷና መቅረቷ በቦታ ይወሰናል። ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ወደ ቤት ቢመለስ አይበላሽም፤ ያልተሸጠው ለሚቀጥለው ገበያ ይቆያል። ቲማቲም የምትሸጠዋ ግን ሳጥኑን ከአከፋፋይ በዱቤ ወስዳ፣ ጆንያ ላይ በመደብ በመደብ ከፍላ ደርድራዋለች። እኩለ ቀን ላይ ደንብ አስከባሪ መጥቶ «ተነሡ!» ካለ ፍሬው ፀሐይ ላይ ይላሽቃል፣ ዕዳው ግን ማታ ይጠብቃታል። ሳጥኑ ከተወረሰማ ትርፉ ብቻ ሳይሆን ዋናውም ሄደ። በአስተዳደሩ ዓይን ሁለቱም ሴቶች «መንገድ የዘጉ» ናቸው። ቅጣቱን ከእቃው ጠባይና ከነጋዴዋ አቅም ጋር የሚያመዛዝን አሠራር አይታይም።

የንግድ ሕጉም አያስጠጋትም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ፈቃድ ጠያቂው የሥራ አድራሻውን እንዲያሳይ ይፈልጋል። ጆንያ አንጥፋ የምትሸጥ ሴት የቤት ቁጥርና የኪራይ ውል ከየት ታምጣ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 በበኩሉ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ የትኛውም ክፍል በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራትና መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። የዕለቱ የገበያ ክፍያ በእነዚህ ሁለት ሕጎች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ይሰበሰባል፤ በገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ለከፈለችው ሴት ግን ምንም አያስገኝላትም።

ነገሩ ሥር የሰደደ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በአዲስ አበባ በጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ አዲስ ከተማ ያዛወሩት ነጩንና «አገሬውን» በሚለይ ፕላን ነበር። የዛሬው መርካቶ የተወለደው ከዚያ ውሳኔ ነው። ወራሪው ቢባረርም ገበያን ከሻጩ ኑሮ አስቀድሞ በካርታ ላይ የማየት ልማድ አብሮት አልወጣም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች የተሻገረው የኮሪደር ልማትም ጥያቄውን አጣዳፊ አድርጎታል፤ መንገድ ሲሰፋ ካሳ የሚታሰበው ለተመዘገበ ይዞታ ስለሆነ የጉሊት መቀመጫ በስሌቱ ውስጥ አይገባም።

የአስተዳደሮች ጭንቀት መሠረት የለውም አልልም። ዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ከባድ መኪና በሚያልፍበት ዳር እቃ መዘርጋት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ግብርና ኪራይ የሚከፍለው ባለሱቅም ደጁ ሲሸፈንበት ቢያማርር እውነት አለው። ችግሩ ያለው በከተሞቻችን በተለመደው መፍትሔ ላይ ነው፦ ሼድ ይሠራል፣ በማኅበር ለተደራጁ ነዋሪዎች ይታደላል፣ የቀረው ይነሣል። የአሪቻዋ እናት የከተማ መታወቂያ የላትም፤ የምትመጣውም በገበያ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ሼዱን የቱንም ያህል በቅንነት ቢያድል እሷ ከተራው ውጭ ናት። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምቃወመው ይህን ነው፤ ገበያውን ገበያ ያደረገችው፣ ከገጠር የምትመጣው ሻጭ፣ በገበያው ማሻሻያ ትገፋለችና።

ሌሎች ይህን እንዴት እንደፈቱት ማየት ይጠቅማል። የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዋርዊክ መገናኛ የተባለውን ሠፈር ስታድስ የባህል መድኃኒት ሻጮቹን ከቦታቸው ሳታርቅ፣ ከእነሱም ጋር እየተመካከረች ነው ገበያ የሠራችላቸው። ሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው የመንገድ ነጋዴዎች ሕግ ነባሮቹ ሻጮች ተቆጥረው የምስክር ወረቀት ሳይሰጣቸው ማንም እንዳይነሣ ይከለክላል። በየከተማው በሚቋቋመው ኮሚቴ ውስጥም ቢያንስ 40 በመቶው ነጋዴዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች እንዲሆኑ፣ ከእነሱም ሲሶው ሴቶች እንዲሆኑ ያዛል። አፈጻጸሙ ከከተማ ከተማ ቢለያይም፣ ሻጩ ከመነሣቱ በፊት መቆጠሩ ግዴታ ሆኗል።

ዲላና ይርጋጨፌ ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለባቸውም። የዕለት ደረሰኙ ላይ የነጋዴዋ ስም፣ የተቀመጠችበት መደብ ቁጥርና የገበያው ቀን ይጻፍ። ለተወሰኑ ወራት በተከታታይ የከፈለች ሴት የትም ቀበሌ ትኑር፣ በዚያ ቀን በዚያ መደብ የመቀመጥ ቅድሚያ ይሰጣት። ገበያው የግድ መዛወር ካለበትም ማስታወቂያው የቡና ለቀማ ከሚያበቃበት ወቅት በፊት ይውጣ፣ አዲሱ ቦታ የታክሲ መውረጃ አጠገብ ይሁን፣ መደቡ የሚደለደለውም በእነዚያ ደረሰኞች መሠረት ይሁን።