ሰልፍና የዕቃ እጥረት የተፈላጊነት መለኪያ ሊሆኑ ይችላሉን?

መካነ ኢየሱስ፦ አንድ ዕቃ ወይም አገልግሎት ረጅም ሰልፍ ሲያስከትል ወይም ከመደብር ሲጠፋ «ተፈላጊነቱ ጨምሯል» ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሰልፍ የሚያሳየው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ዋጋ በአቅርቦትና በፍላጎት መካከል የተፈጠረውን ክፍተት እንጂ የፍላጎቱን መጠን አለመሆኑን በውጭም ሆነ በአገር ውስጥ የታዩ ተሞክሮዎች ያመለክታሉ።

ጉዳዩ በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አካባቢ ለሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም። የማዳበሪያ፣ የስኳር ወይም የምግብ ዘይት ድልድል በሰልፍ ርዝመት ላይ ተመሥርቶ ከተወሰነ፣ በሰልፉ ላይ ያልተገኘው ሰው ከቁጥር ውጭ ይሆናል። በመሆኑም ሰልፍ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ለይቶ ማወቅ የዕቅድና የሪፖርት ሥራ አካል ነው።

ሰልፍ እንዴት ይፈጠራል?

የሰልፍን ባሕርይ በሒሳብ ስሌት ለማብራራት ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች አመጣጥ ያሳተመው ጥናት ለዘርፉ መሠረት ጥሏል። የዘርፉ ዋነኛ ትምህርት፣ የሰልፍ ርዝመት በሚመጡት ሰዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱ በሚሰጥበት ፍጥነት ጭምር የሚወሰን መሆኑ ነው።

ለአብነት ያህል አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን በሰዓት 25 ገበሬዎች ይመጡበታል፤ ያለው አንድ ሠራተኛ ግን በሰዓት የሚያስተናግደው 20 ብቻ ነው እንበል። ከ4 ሰዓት በኋላ ከመጡት 100 ሰዎች 80ዎቹ ተስተናግደው 20ዎቹ በሰልፍ ላይ ይቀራሉ። በሌላ መጋዘን ደግሞ በሰዓት 15 ሰዎች ቢመጡና ደረሰኝ አጻጻፉ አዝጋሚ በመሆኑ በሰዓት 10 ብቻ ቢስተናገዱ፣ በተመሳሳይ ጊዜ ከ60 ሰዎች 40ዎቹ ተስተናግደው 20ዎቹ ይቀራሉ። የሁለቱ ሰልፎች ርዝመት እኩል ነው፤ የፈላጊዎቹ ቁጥር ግን አንደኛው 100፣ ሌላው 60 ነው። በመጀመሪያው መጋዘን ሁለተኛ ሠራተኛ ቢመደብ፣ የመጪው ቁጥር ሳይለወጥ ሰልፉ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል።

ከዚህ የሚገኘው ግንዛቤ፣ የሰልፍ ርዝመት ብቻውን የፍላጎትን መጠን ሊናገር እንደማይችል ነው።

የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች ተሞክሮ

በዚህ ረገድ በስፋት የሚጠቀሰው የቪዲዮ ጨዋታ ማጫወቻ መሣሪያዎች ገበያ ነው። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ «ፕሌይስቴሽን 3» የተሰኘውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 በጃፓንና በሰሜን አሜሪካ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ገዢዎች በመደብሮች በር ላይ እስከ ማደር ደርሰው ነበር። መሣሪያውም ወዲያውኑ አለቀ። ሆኖም ኩባንያው ለመጀመሪያው ዕለት ያቀደው አቅርቦት ለጃፓን 100 ሺህ፣ ለሰሜን አሜሪካ ደግሞ 400 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ለእጥረቱ ዋነኛው ምክንያት ሰማያዊ የሌዘር ብርሃን የሚያመነጨው ዳዮድ በበቂ መጠን አለመመረቱ ሲሆን፣ በዚሁ ሳቢያ በአውሮፓ የሚቀርብበት ጊዜ ወደ መጋቢት 2007 ተላልፏል። ከተሰለፉትም መካከል መሣሪያውን ለራሳቸው ሳይሆን አትርፈው ለመሸጥ የመጡ ይገኙበት ነበር።

በዚያው ወር ኒንቴንዶ የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ «ዊ» የተሰኘ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። የዊ ዋጋ በአሜሪካ 250 ዶላር ያህል ሲሆን፣ የፕሌይስቴሽን 3 ዋጋ ግን እንደ ዓይነቱ 500 እና 600 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለቱም ሰልፍ አስከትለዋል፤ ሁለቱም ከመደርደሪያ ጠፍተዋል። ነገር ግን ዊ በመጀመሪያዎቹ 8 ቀናት ብቻ በአሜሪካ አህጉራት ከ600 ሺህ በላይ የተሸጠ ሲሆን፣ በአጠቃላይ የተሸጠው ብዛት ከ101 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። የፕሌይስቴሽን 3 ጠቅላላ ሽያጭ 87 ሚሊዮን ያህል ነው። በመደብሮች በር ላይ የታየው ሰልፍ ይህን ልዩነት አስቀድሞ አላመለከተም።

ይበልጥ ግልጽ የሆነው ማስረጃ የ«ፕሌይስቴሽን 5» ነው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ለገበያ ሲቀርብ የኮቪድ-19 ወረርሽኝና ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ እጥረት ተደራርበው ስለነበር ከሁለት ዓመት ለበለጠ ጊዜ በመደብር እንደ ልብ አልተገኘም። ኩባንያው እጥረቱ በበረታበት የ2021 በጀት ዓመት የሸጠው 11 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል ነበር። አቅርቦቱ በተሻሻለበት የ2022 በጀት ዓመት ሽያጩ ወደ 19 ነጥብ 1 ሚሊዮን፣ ሰልፉ ከቀረ በኋላ ባለው የ2023 በጀት ዓመት ደግሞ ወደ 20 ነጥብ 8 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። መሣሪያው በብዛት ወደ ቤት የገባው ሰልፉ በረዘመበት ሳይሆን ሰልፉ በጠፋበት ጊዜ ነው።

በአገራችን ከተሞች ደግሞ የተሸጠው ቁጥርም ቢሆን ተፈላጊነቱን አይገልጽም። በፕሌይስቴሽን ማጫወቻ ቤቶች አንድ መሣሪያ በቀን በርካታ ወጣቶችን ያስተናግዳል፤ ከተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹ መሣሪያውን ለመግዛት ተሰልፈው አያውቁም።

የሞባይል ስልክ ተሞክሮ በኢትዮጵያ

በአገር ውስጥ ለጉዳዩ የቅርብ ምሳሌ የሚሆነው የሞባይል ስልክ አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር የተዘረጋው መሥመር 36 ሺህ ደንበኞችን ብቻ የሚያስተናግድ ነበር። የደንበኞች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ 50 ሺህ ያህል ደርሶ፣ በ2003 መጨረሻም ከ51 ሺህ ብዙም አልዘለለም። አኃዙን ብቻ የተመለከተ ሰው የሕዝቡ ፍላጎት በዚያ ዓመት የቆመ ሊመስለው ይችል ነበር። የቆመው ግን የመሥመሩ አቅም ነበር፤ አቅሙ ሲሰፋ በ2004 የደንበኞቹ ቁጥር ወደ 155 ሺህ፣ በ2005 ደግሞ ወደ 410 ሺህ አሻቅቧል።

በእነዚያ ዓመታት ሲም ካርድ ለማግኘት ተራ መጠበቅ የተለመደ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ2003 ዓ.ም. በኢትዮ ቴሌኮም ተተክቶ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ወደ ገበያው ገብቶ፣ ዛሬ ሲም ካርድ ያለ ወረፋ በየሰፈሩ ይሸጣል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ከ83 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። አገልግሎቱ እጅግ ተፈላጊ በሆነበት በአሁኑ ወቅት ሰልፍ የለም፤ ተጠቃሚው ከመቶ ሺህ በታች በነበረበት ወቅት ግን ሰልፍ ነበር።

ዋጋና የተጠባባቂ ዝርዝር

ሰልፍ የዋጋ ውሳኔም ውጤት ሊሆን ይችላል። መንግሥት በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በስኳር፣ በምግብ ዘይትና በሌሎች መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ባወጣ ጊዜ አንዳንዶቹ ሸቀጦች ከመደብር መጥፋታቸውና ሰልፍ መበርከቱ ይታወሳል። ጣሪያው ከወራት በኋላ ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሥቷል። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ የቤተሰቦች የስኳር ፍጆታ በድንገት አልተለወጠም። የተለወጠው ነጋዴው ሊሸጥበት የሚፈቅደው ዋጋ በመደብሩ ከተለጠፈው ዋጋ መራቁ፣ እንዲሁም ሸማቹ «ነገ አይገኝም» በሚል ሥጋት ከሚያስፈልገው በላይ ለመያዝ መሻቱ ነው።

የጽሑፍ ሰልፍ የሆነው የተጠባባቂ ዝርዝርም ጥንቃቄ ይሻል። በአዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ከ450 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዝግበው ነበር። በ2005 ዓ.ም. ቁጠባን መሠረት ያደረገ ዳግም ምዝገባ ሲካሄድ ከቀድሞዎቹ ተመዝጋቢዎች የቀረቡት ከግማሽ በታች ሲሆኑ፣ በአንጻሩ እጅግ በርካታ አዳዲስ ተመዝጋቢዎች መጥተዋል። ከቀድሞዎቹ ከፊሎቹ ቤት ደርሷቸው ነበር። ስለሆነም አሮጌ ዝርዝር በአንድ በኩል ፍላጎትን አጋንኖ፣ በሌላ በኩል አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል።

ማዳበሪያ፦ በአካባቢው ያለው አንድምታ

ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍና ድንች በሚመረትበት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ደጋማና ወይና ደጋ መሬት፣ ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው በማዳበሪያ ሥርጭት ነው። አገሪቱ የምትጠቀምበት ማዳበሪያ ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ሲሆን፣ በኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት አማካይነት ለገበሬው ይደርሳል። የፍላጎት ግምቱ ከቀበሌ በልማት ጣቢያ ሠራተኞች ተሰብስቦ በወረዳ፣ በዞንና በክልል ተጠቃሎ ለግዢ ይቀርባል።

ገበሬው ኤንፒኤስ ማዳበሪያን የሚሻው በዘር ወቅት ነው፤ ዩሪያን በአብዛኛው የሚጨምረው ቡቃያው ከፍ ካለ በኋላ ነው። ክረምቱ አይጠብቅም። ዓመቱን ሙሉ ቢከፋፈል ሰልፍ የማያስከትል መጠን፣ በጥቂት የሰኔና የሐምሌ ቀናት ከተጨናነቀ ሰልፍ ያስከትላል። ስለዚህ የሰኔ ሰልፍ የማዳበሪያውን ማነስ ብቻ ሳይሆን የመድረሻ ጊዜውን መዘግየትም ሊያመለክት ይችላል። ሁለቱ የሚጠይቁት መፍትሔ የተለያየ ነው፤ አንደኛው ተጨማሪ ግዢ፣ ሁለተኛው ቀድሞ ማጓጓዝና ማከማቸት።

በ2015 ዓ.ም. የመኸር ወቅት በአማራ ክልል የታየው የማዳበሪያ እጥረት ገበሬዎች ቅሬታቸውን በአደባባይ እስከ ማሰማት ያደረሳቸው እውነተኛ የአቅርቦት ችግር ነበር። በአንጻሩ በ2004 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በመቶ ሺዎች ቶን የሚቆጠር ማዳበሪያ ሳይሸጥ ወደ ቀጣዩ ዓመት ተሻግሯል። ለዚህ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከታች ወደ ላይ የሚጠቃለለው የፍላጎት ግምት ገበሬው በእርግጥ ከሚገዛው በላይ መሆኑ ነው። ባዶ መጋዘን ሁልጊዜ የፍላጎት ማደግ ምልክት እንዳልሆነ ሁሉ፣ የሞላ መጋዘንም ገበሬው ማዳበሪያ አይፈልግም ማለት አይደለም፤ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ወይም ብድር አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ከሰልፍ የቀረው ገበሬ ነው። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ሦስተኛ ጊዜ ላይመጣ ይችላል። ልጆቿን የምትተውለት ሰው የሌላት የቤተሰብ ኃላፊ የሆነች እናትም ሌሊት ወረፋ ልትይዝ አትችልም። እነዚህ ሰዎች ሲቀሩ ሰልፉ ያጥራል፤ ሪፖርቱም «ችግሩ ተቃልሏል» ይላል። በተቃራኒው አንድ ቤተሰብ ባልን፣ ሚስትንና ልጅን በተለያየ ወረፋ ሲያቆም ሰልፉ ይረዝማል፤ የሚታረሰው መሬት ግን ያው ነው።

ከሪፖርት በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ነጥቦች

ሰልፍ መረጃ አይደለም ማለት ግን አይደለም። ሰልፍ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው፤ ምን እንደተፈጠረ የሚታወቀው ግን ከተጣራ በኋላ ነው። ለዚህም የሚከተሉትን መመርመር ይጠቅማል።

አንደኛ፣ በዕለቱ ስንት ሰው መጣ፣ ስንቱ ተስተናገደ፣ ስንቱ ባዶ እጁን ተመለሰ የሚለው ተለይቶ ሊመዘገብ ይገባል። የመጨረሻው አኃዝ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሲሆን ከሁሉም ይበልጥ አስፈላጊው ነው።

ሁለተኛ፣ የገባው ዕቃ መጠንና የገባበት ቀን ከአምናው ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሊነጻጸር ይገባል። አቅርቦቱ ቀንሶ ሰልፍ ከተፈጠረ፣ ሰልፉን የፍላጎት ዕድገት አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው።

ሦስተኛ፣ የአገልግሎት አሰጣጡ ፍጥነት ሊታይ ይገባል። የሠራተኛ፣ የመስኮት ወይም የደረሰኝ አሠራር ችግር ተጨማሪ ኮታ በመጠየቅ አይፈታም።

አራተኛ፣ በመደበኛው ዋጋና በጎን በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሊታወቅ ይገባል። ልዩነቱ ሲሰፋ ከተሰላፊዎቹ መካከል አትርፎ ለመሸጥ የሚመጣው ይበዛል።

አምስተኛ፣ የአንድ ቤተሰብ ተደጋጋሚ ምዝገባ ተለይቶ፣ ጥያቄው ከማሳ ስፋትና ከሰብል ዓይነት ጋር ሊገናዘብ ይገባል።

ከላይ የተዘረዘሩት ተሞክሮዎች በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። የፕሌይስቴሽን 5 ሽያጭም ሆነ የሞባይል ስልክ ደንበኞች ቁጥር ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው ወረፋው ከቀረ በኋላ ነው። የጨዋታ መሣሪያ ያልደረሰው ገዢ ለከርሞ ሊጠብቅ ይችላል፤ ማዳበሪያ በወቅቱ ያልደረሰው ገበሬ ግን የዓመት ምርቱን ያጣል። በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ የሥራ ኃላፊዎች የተሰለፈውን ብቻ ሳይሆን ከሰልፍ የቀረውንም ቆጥረው ዕቅድ ማውጣት ይጠበቅባቸዋል።