ዕቃና ግድግዳ፦ የሐረር ቤት የዕለት መገልገያን እንዴት እንዳደሰው

ፈላና በር ከሐረር ጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ የቆመው ይህ በር በሐረሪ ቋንቋ አሱም በሪ ይባላል። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን ከታነጸ ወዲህ፣ በፈላና፣ በኤረር፣ በሰንጋ፣ በቡዳና በሸዋ በር ሰው ብቻ ሳይሆን የሰው መገልገያ ዕቃም ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። በሰሜን በኩል ጀልዴሳ አለች፤ ከጀልዴሳም ወዲያ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው የግመል መንገድ ነበር። በዚህ መንገድ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ ሲኒና ሳህን ወደ ከተማይቱ ይመጣ ነበር። የንግድ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን እስከ ከተማው በር ድረስ ይከተለውና እዚያ ይተወዋል። ሳህኑ በሩን ካለፈ በኋላ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለና ለምን አገልግሎት እንደ ዋለ መጠየቅ ግን ስለ ሐረር ሕዝብ የፈጠራ ችሎታ ብዙ የሚገልጽ ነው።

በዛሬው ዓለም የንድፍ ጥበብ ባለሙያዎች የዕለት መገልገያን እንደ ገና ማሰብን ትልቅ ሙያ አድርገውታል። ግድግዳ ውስጥ ታጥፎ የሚገባ ወንበር፣ ከክፍሉ ላይ ቦታ የማይወስድ መደርደሪያ፣ ከማዕድ ሲነሣ ጌጥ የሚሆን ሳህን በየዐውደ ርእዩ ለሕዝብ ይቀርባል። የሐረር ባህላዊ ቤት፣ ማለትም ጌ ጋር፣ እነዚህን ጥያቄዎች ቀደም ብሎ አንሥቶ በራሱ መንገድ መልሷቸዋል። መልሱ የአንድ ሰው ሐሳብ ስላልሆነ የሠሪ ስም አልተጻፈበትም፤ በትውልዶች እጅ ቀስ በቀስ የተጣራ ነው።

ጁገል 48 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው፣ በግንብ የታጠረ ከተማ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ቦታ ውድ ስለሆነ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ፣ መንገዱም ጠብቦ ተሠራ። የቤቱ ዋና ክፍል ጊድር ጋር ይባላል። በዚህ ክፍል ውስጥ ወንበርም ጠረጴዛም አያስፈልግም፤ መቀመጫው ራሱ ከቤቱ ጋር አብሮ የተገነባ ነውና። ነደባ የሚባሉት መደቦች አንዱ ከሌላው ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፦ አሚር ነደባ፣ ጊድር ነደባ፣ ጢት ነደባ፣ ሱትሪ ነደባ፣ ገብቲ ኤሐር ነደባ። አሚር ነደባ ለቤቱ አባወራና ለክብር ሰው ነው፤ ጊድር ነደባ ትልቁ፣ ጢት ነደባ ትንሹ ነው፤ ሱትሪ ነደባ ከዐይን የተሰወረው፣ ገብቲ ኤሐር ነደባ ደግሞ ከበሩ ኋላ ያለው ነው። ወደ ቤቱ የገባ እንግዳ ማንም ሳይነግረው ስፍራውን ያውቃል። በሌላው አገር ዙፋን፣ ወንበርና በርጩማ ለየብቻቸው የሚሠሩትን ሥራ እዚህ አንድ ወለል፣ ከፍታውን ብቻ በመለዋወጥ፣ ይፈጽመዋል።

የወለሉና የመደቡ ቀለም ቀይ አፈር ነው። ይህ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው የሚል ትውፊት በከተማው ሲነገር ይኖራል። ትውፊቱ ቀለሙ መቼ እንደ ተጀመረ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ባይሆንም፣ ሕዝቡ የሚረግጠውንና የሚቀመጥበትን ነገር እንኳ ያለ ትርጉም እንደማይተው ያሳያል።

መቀመጫው ወደ ወለል እንደ ገባ ሁሉ ቁም ሣጥኑም ወደ ግድግዳ ገብቷል። በጊድር ጋር ግድግዳ ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ በተሟላ ቤት ቁጥራቸው 11 እንደሆነ ይነገራል። ቅዱስ ቁርኣንና ሌሎች መጻሕፍት፣ ሲኒና ሳህን፣ የሽቶ ዕቃና የዕጣን ማጨሻ በየቦታቸው ይቀመጡባቸዋል። ሐረር የመጻሕፍት ጥራዝ ጥበብ ስመ ጥር ከተማ ነበረች። በ1847 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንኳ፣ ስለ ሌላው ነገር ብዙ ክፉ የጻፈ ሰው ሲሆን፣ የሐረርን ጥራዝ ከማድነቅ አልተቆጠበም። መጽሐፉ፣ ጥራዙና መጽሐፉ የሚያርፍበት የግድግዳ ጉድጓድ እንግዲህ የአንድ ከተማ እጅ ሥራዎች ነበሩ።

ከጉድጓዶቹ በላይ ያለው የግድግዳው ክፍል የሴቶች ነው። ሞት በሚለው የሐረሪ ስም የሚታወቀው የስፌት ዕቃ እዚያ ተሰቅሎ ይታያል። አሠራሩ በመላ አገሪቱ የታወቀው የስፌት ሥራ ነው፤ የሣር አገዳ ውስጡ ሆኖ፣ ቀለም የተነከረ ቀጭን ሣር በወስፌ እየተበሳ እየተጠመጠመበት፣ ዙር በዙር ላይ እየተደረበ ያድጋል። የሐረር ስፌት የሚለየው በጥቅሉ ቅጥነት፣ በጥልፉ ጥብቀትና በመልኩ ስሌት ነው። ሰፊዋ አስቀድማ በወረቀት ላይ የነደፈችው ነገር የላትም፤ ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ እያንዳንዱ ቀለም ስንት ጥልፍ መያዝ እንዳለበት በአእምሮዋ ትቆጥራለች። አንድ ጥልፍ ከተሳሳተ ስሕተቱ ከዙር ወደ ዙር እየጎላ ስለሚሄድ መፍታት ግድ ይሆናል።

እያንዳንዱ የስፌት ዕቃ ሥራም ደረጃም አለው። ሐማት ሞት ስሙ እንደሚያመለክተው ከአማት ጋር የተያያዘ፣ በጋብቻ ምክንያት የሚቀርብ ነው። አፍላላ የሚባሉት ባለ ክዳን ዕቃዎች ጌጥንና ዋጋ ያለውን ነገር ይይዛሉ። ከነዚህም ጋር ከእንጨት የተፈለፈሉ ገበታዎች ይሰቀላሉ። ዕቃው በሚያስፈልግበት ቀን ከግድግዳ ይወርዳል፤ ምግብ ይቀርብበታል፤ ወደ ሠርግ ቤት ወይም ወደ ኀዘን ቤት ይሄዳል፤ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ቦታው ይመለሳል። በተሰቀለበት ጊዜም ሥራ አይፈታም። የቤቱን ሴት ሙያ፣ የጋብቻዋን ዝምድናና የቤተሰቡን ክብር ለገባ ሁሉ ይናገራል። አንዱ ዕቃ ሁለት አገልግሎት፣ አንዱ በማዕድ ሌላው በግድግዳ፣ እንዲሰጥ መታሰቡ የሐረር ቤት ትልቁ ፈጠራ ነው።

ይህ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበረው። የአንድ ሰፈር ልጃገረዶች በአንዲት ባለሙያ ሴት ቤት ተሰብስበው ስፌት የሚማሩበት ስፍራ ሞያ ጋር ይባል ነበር። እዚያ ጣት ከሣር ጋር ይላመዳል፤ ዐይንም መልክን ከመልክ መለየት ይማራል። ጨዋታና ምክር፣ ዘፈንና የሴቶች ወግ አብረው ስለሚተላለፉ ሞያ ጋር ከእጅ ሥራ በላይ የሆነ ተቋም ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የከተማይቱ በሮች ከፊተኛው ጊዜ ይልቅ ሰፍተው ተከፈቱ። ግብፆች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ያዙ። የአውሮፓ ነጋዴዎች መጡ፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ሬምቦ ግጥሙን ትቶ እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1891 ባለው ጊዜ ውስጥ በተለያዩ ወቅቶች በሐረር የንግድ ሥራ ሠራ። በ1879 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ደግሞ ንግዱ ይበልጥ ደራ። የሕንድ ነጋዴዎችም የእንጨት ሰገነት ያላቸውን ቤቶች ሠሩ፤ ይህ አሠራር ከጌ ጋር ጋር ተዋሕዶ ሌላ ዓይነት የሐረር ቤት ወለደ።

ከባሕር ማዶ ከመጡት ዕቃዎች መካከል ኤናሜል የተቀባው የብረት ሳህን ልዩ ዕጣ ገጥሞታል። ሳህኑ ቀላልና የማይሰበር፣ አበባ የተሣለበትና አንጸባራቂ ነበር። በብዙ አገሮች እንዲህ ያለው የፋብሪካ ዕቃ በመጣበት ሁሉ የእጅ ሥራውን አባሯል። የሐረር ሴት ግን ሳህኑን ወስዳ በስፌቱ ጎን ሰቀለችው። እንደ ስፌቱ ክብ ነውና ለዐይን አልተጋጨም፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በተራ ሲደረደር የግድግዳው ሥርዓት እንግዳውን ተቀብሎ ቤተኛ አደረገው። የአውሮፓው ፋብሪካ ሳህኑን ሲሠራ ይህን አገልግሎት አላሰበም፤ አዲሱን አገልግሎት የፈጠረችለት የቤቱ እመቤት ናት። ከሱቅ የተገዛው ማቅለሚያም እንዲሁ ወደ ስፌቱ ገብቶ፣ የቀለሙን ድምቀት ሲጨምር የመልኩን ስሌት አላፈረሰም።

የልብስ ስፌት መኪናም ሌላ ምስክር ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው መኪናቸውን ሲያሽከረክሩ፣ ሕዝቡ መንገዱን በድምፁ መኪና ግርግር ብሎ ሰየመው። ጨርቁ ተገዝቶ፣ ተለክቶና ተሰፍቶ በአንድ መንገድ ላይ ያልቃል። መኪናው የውጭ ነው፤ የሥራው አደረጃጀትና ስሙ ግን የከተማው ነው።

ይሁን እንጂ የሐረር ቤት ያልቻለው ለውጥም መጣ። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የንግዱ ዋና መስመር ጁገልን ትቶ አለፈ። በ1967 ዓ.ም. የገጠርና የከተማ ቦታ አዋጆች ሲታወጁ ኑሯቸውን በእርሻ መሬት ገቢ የመሠረቱ ብዙ ቤተሰቦች ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ነበረባቸው። ብዙዎች ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ማዶ፣ እስከ ካናዳ ድረስ ተሰደዱ። በሄዱበትም የስፌት ዕቃቸውን በግድግዳ ላይ መስቀል አልተዉም። ነገር ግን ልጃገረዲቱ ቀኑን በዘመናዊ ትምህርት ቤት ማዋል ስትጀምር ሞያ ጋር ተዳከመ። ዕቃው ተሻግሯል፤ ዕቃውን የመሥራት ዕውቀት ግን በዚያው መጠን አልተሻገረም።

በሌላው ዓለም ተመሳሳይ ጭንቀት ሁለት ዓይነት መልስ አግኝቷል። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር የተከፈተው ባውሃውስ ሠዓሊውንና ባለእጁን በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቦ ለፋብሪካ የሚሆን ወንበር፣ መብራትና የሻይ ዕቃ እንዲነድፉ አደረገ። በጃፓን ያናጊ ሶኤትሱና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1925 ሚንጌይ የሚለውን ስም ለሕዝብ ዕደ ጥበብ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1936ም ስማቸው የማይታወቅ ባለእጆች የሠሩትን የዕለት ዕቃ የሚያሳይ ቤተ መዘክር በቶኪዮ ከፈቱ። የመጀመሪያው አዲስ ዕቃ ለመፍጠር፣ ሁለተኛው የነበረውን ለማክበር ተነሡ። የሐረር ቤት ሁለቱን አልለያየም፤ በአንድ ግድግዳ ላይ የእናትን ስፌትና የትናንቱን የሱቅ ሳህን ጎን ለጎን አኑሯል።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የአብዱላሂ ሸሪፍ ቤተ መዘክርና አዳ ጋር የተባለው የባህል ቤት የጥንቱን ዕቃ ለትውልድ ያሳያሉ። በየሱቁም ለጎብኚ የሚሸጡ ትናንሽ ስፌቶች ይታያሉ። ይህ ለሰፊዋ ገቢ ስለሚያስገኝ የሚነቀፍ አይደለም። አደጋው ዕቃው ከሁለቱ አገልግሎቶቹ አንዱን፣ የማዕዱን፣ ጨርሶ ሲያጣ ነው። ከግድግዳ የማይወርድ ስፌት በጥብቀቱ አይፈተንም፤ ያልተፈተነ ሥራም ቀስ በቀስ ይላላል። የሐረር ስፌት ጥራት የመጣው ምግብ ስለ ቀረበበት፣ ሠርግ ቤት ደርሶ ስለ ተመለሰ፣ በአማት ዐይን ስለ ተመዘነ ነው።

ስለዚህ ጥበቃው ከዕቃው ወደ ዕውቀቱ መሻገር ይገባዋል። ዛሬ በሕይወት ያሉት ባለሙያዎች የመልኩን ስም፣ የጥልፉን ቁጥርና የሣሩን አዘገጃጀት እንዲያስተምሩ ሞያ ጋር በትምህርት ቤት መርሐ ግብር ውስጥ ቦታ ቢያገኝ፣ በየቤተ መዘክሩም ከዕቃው ሥር የሠሪዋ ስም በፈቃዷ ቢጻፍ፣ ለዘመናት ስም አልባ የነበረው ፈጠራ ባለቤቱን ያገኛል። አዲስ የቤት ዕቃ ለመንደፍ የሚነሡ ወጣት ባለሙያዎችም ከሩቅ አገር መጽሔት በፊት ጊድር ጋር ገብተው በነደባው ላይ ቢቀመጡ ይጠቅማቸዋል። ወንበር ያለ ወንበር እንዴት እንደሚሠራና ሳህን ከማዕድ ተነሥቶ እንዴት ሥራ እንደማይፈታ የሚያሳየው ግድግዳ በፊታቸው ቆሞ ያገኙታል።