ቆላ ወርዶ ማደር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ፍስሐ ገነት የሚደርስ ቤተሰብ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያ ይወጣል። ሞጆ ላይ ታጥፎ ዝዋይ (አሁን ባቱ የምንላት)፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ፣ ዲላ። ከዲላ በኋላ መንገዱ በቡናና በእንሰት መሀል ወደ ላይ እየተጠማዘዘ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ ኮቸሬ ይገባል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ፣ ልጆችን ይዞ ወደዚያ ለመሄድ ጥሩ ሰበብም አለ። ከመነሳታችን በፊት የምንጠይቀው ግን ሁሌ አንድ ነው፦ «መንገዱ ሰላም ነው?» ስለ ትንኝ የሚጠይቅ የለም። አያቶቻችን ቢሆኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ንዳድ ነበር።

የደጋ ሰው ከቆላ ጋር የነበረው ግንኙነት በጣም ጥንቃቄ የበዛበት ነበር። ቆላ ላይ እርሻ ያለው ገበሬ ቀን ወርዶ ያርሳል፣ ያርማል፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ግን ሽቅብ ወጥቶ ቤቱ ያድራል። ነጋዴም ቢሆን ማደሪያውን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይመርጣል። ምክንያቱን ሲጠየቅ የቦታውን አየር፣ ሙቀቱን፣ አንዳንዴም መንፈስ ይወቅሳል። አውሮፓውያንም ከዚህ የተሻለ አያውቁም ነበር፤ «ማላሪያ» የሚለው ቃል እራሱ በጣልያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ሮናልድ ሮስ ህንድ ውስጥ የወባን ተሕዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። የእኛ ገበሬ ምክንያቱን ቢስትም ሕጉን አልሳተም፤ ዋነኛዋ የወባ ትንኛችን የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና ቀን ወርዶ ማታ መውጣት በትክክል ይሠራል። እኔ ይህን ከብዙ የጉዞ መመሪያ የበለጠ አከብረዋለሁ።

ሕጉ የተሰበረው በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡም ሙቀቱም ከልማዱ ወጣ፤ ወባም ደጋ ወጣች። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ያሉ፣ እራሳቸውን ከንዳድ ነፃ አድርገው የሚቆጥሩ ሰፊ አካባቢዎች በአንዴ ታመሙ። በኋላ በተሠራው ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሟል፣ 150,000 ሰው ሞቷል። ቁጥሩ ይህን ያህል የከፋው በሽታው አዲስ ስለነበረ አይደለም፤ የሰዎቹ ደም አያውቀውም ነበር። ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ሲታመም በከፊል የመቋቋም አቅም ያዳብራል፣ ደገኛ ግን ባዶ እጁን ነው። የይርጋ ጨፌና የኮቸሬ ቡና በአብዛኛው የሚበቅለውም በዚሁ የከፍታ ክልል ገደማ ነው። ስለዚህ «ቀዝቀዝ ይላል፣ እዚህ ወባ የለም» የሚለው ወሬ ሁሌ አያዋጣም።

ወዲያው እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ የሚረጩ ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞሩ። ስሙ እንደሚለው ሊያጠፋት ነበር፣ አላጠፋትም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ 600,000 ያህል ሰዎች፣ ብዙዎቹ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ፣ ወደ መተከል፣ ጋምቤላና ሌሎች ቦታዎች ሲሰፍሩ የአያቶቻቸውን ሕግ የመጠበቅ ዕድል አልነበራቸውም። ሽቅብ የሚመለሱበት ቤት የለም፤ ብዙዎችን ወባ ቀጠፈቻቸው። ዛሬም ያለፈ ታሪክ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ውስጥ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

አሁን ወደ ሽርሽራችን። ወባ በአብዛኛው የምትበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ እኛ ደግሞ በመስቀልና በገና ሰሞን መውጣት እንወዳለን። ከአሜሪካ የመጡት የአክስት ልጆች ሐኪማቸው ያዘዘላቸውን መከላከያ ኪኒን እየዋጡ ይሄዳሉ፣ የአዲስ አበባዎቹ ደግሞ «ፈረንጅ ሆናችሁ እንዴ?» እያሉ ይስቁባቸዋል። ለተሕዋሲው ግን ቦሌ የተወለደና ቨርጂኒያ የተወለደ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም መቋቋሚያ የላቸውም።

ዋናው አደጋ ያለውም እረፍቱ ላይ ሳይሆን ከተመለሱ በኋላ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከተነከሱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይነሳል። ቪቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ልጁ ትምህርት ቤት ተመልሷል፣ ፎቶዎቹ ተለጥፈዋል፣ አንድ ማታ ትኩሳት ይይዘዋል። «ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል አፍሉለት።» አዲስ አበባ ላይ ያለ ሐኪምም ካልተነገረው ወባ ላይጠረጥር ይችላል። ስለዚህ ካርድ እንዳወጣችሁ መጀመሪያ የምትናገሩት የት እንዳደራችሁ ነው። የደም ምርመራውን በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

መሳቢያ ውስጥ የቀረ ኪኒን አይሆንም። እማማ የሚያስታውሱት ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም መሥራት ስላቆመ እ.ኤ.አ. በ1998 በፋንሲዳር ተተካ፤ ፋንሲዳርም ስድስት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ2004 ቦታውን ለኮአርተም ለቀቀ። ክሎሮኪን ዛሬም ለቪቫክስ ይሰጣል፣ ግን የትኛው እንደያዛችሁ የሚያውቀው ላቦራቶሪው እንጂ ጎረቤት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ቀብሪ ደሃር ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የእስያ ትንኝ ተገኘች። ይህቺኛዋ ረግረግ አትጠብቅም፣ ከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ታንከር ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ፣ በደረቁ ወቅት፣ ለተነሳው ወረርሽኝ ተጠያቂዋ እሷ ነበረች። ቆላና ደጋ ለይቶ የሚያስበው የአያቶቻችን ሕግ ስለ በርሜል የሚለው ነገር የለም።

በየመንገዱ ባሉት አልጋ ቤቶች አጎበሩ ብዙውን ጊዜ ከአልጋው በላይ ተጠቅልሎ፣ ተቋጥሮ ተሰቅሏል፤ ለጌጥ የተቀመጠ ይመስላል። ፍቱት። ቀዳዳ ካለው ሌላ ጠይቁ፣ ጫፉን ፍራሹ ሥር አስገቡ፣ ልጆቹን ቀድማችሁ አስተኙ። ማታ በረንዳ ላይ ቡና የምትጠጡ ከሆነ እጅጌና ሱሪያችሁ ረዘም ይበል። አጎበር የሌለው ክፍል ከሰጧችሁም ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት «አጎበር ያለው የለም?» በሉ።