እጅ ያልነካው ካርታ

አንድ አገር ከዝርዝር ካርታው አነስተኛ ስኬል ያለው ሌላ ካርታ ሲያወጣ ሥዕሉን አሳንሶ ማተም ብቻ አይበቃውም። በ1፡10,000 ስኬል አንድ ኪሎ ሜትር ወረቀት ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይይዛል፤ በ1፡50,000 ግን 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። 10 ሜትር ወርድ ያለው መንገድ በልኩ ቢሣል 0.2 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን እምብዛም አይታይም። ጎልቶ እንዲታይ በ1 ሚሊ ሜትር ከተሣለ ደግሞ መሬት ላይ 50 ሜትር ያህል ይሸፍንና ግራና ቀኙ ያሉትን ቤቶች ይውጣል። ስለዚህ ቤቶቹ ወይ ፈቀቅ ይደረጋሉ፣ ወይ ይጣመራሉ፣ ወይ ይቀራሉ። ካርታን ማቅለል የሚባለው ይህ ሥራ ለረጅም ዘመን የሠለጠነ እጅ ሥራ ነበር። የመንግሥት የካርታ ተቋማት ሥራውን ለኮምፒውተር ለማስረከብ የደከሙበት ታሪክ ሲመረመር፣ ለውጤት ያበቃቸው የስሌት ብልሃት ብቻ አልነበረም፤ ካርታው ለማንና ለምን እንደሚሠራ እንደገና መጠየቃቸው ነው።

የስሌቱ ብልሃትማ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቶፕፈር ስኬል ሲያንስ ካርታው ላይ ምን ያህል ነገር መቅረት እንዳለበት የሚያሰላ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አስተዋወቀ። በቀመሩ መሠረት ከ1፡10,000 ወደ 1፡50,000 ሲኬድ ከ100 ቤቶች 45 ያህሉ ይቆያሉ፤ የትኞቹ 45 እንደሆኑ ግን ቀመሩ አይናገርም። በ1973 ዴቪድ ዳግላስና ቶማስ ፖይከር ጠመዝማዛ መስመርን በጥቂት ነጥቦች የሚያቀልል አልጎሪዝም ካናዳ ውስጥ አሳተሙ። አልጎሪዝሙ ዛሬም ይሠራበታል፤ ነገር ግን አንዱን መስመር ለብቻው ስለሚያይ፣ ያቀለለው ወንዝ አጠገቡ ያለውን መንገድ ቢያቋርጥ አያውቅም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳይ ብሔራዊ የጂኦግራፊ ተቋም ከዙሪክና ከኤደንብራ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በተሳተፈበት ጥናት፣ እያንዳንዱ ቤትና መንገድ ሁኔታውን እየመዘነ የራሱን ለውጥ የሚመርጥበት ሶፍትዌር ተሠራ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ያም ሆኖ ማሽኑ የሳተውን በእጅ ማረም አልቀረም።

የመጨረሻውን እርምጃ የወሰደችው ኔዘርላንድስ ናት። የአገሪቱ የካርታ መሥሪያ ቤት መነሻው ወታደራዊ ሲሆን፣ በ2004 ከመከላከያ ሚኒስቴር ወጥቶ መሬትና ንብረት ከሚመዘግበው ካዳስተር ጋር ተቀላቀለ። በ2010 አንድ አነስተኛ ቡድን የ1፡50,000 ካርታን ከ1፡10,000 መረጃ ያለ ሰው እጅ ማውጣት ይቻል እንደሆነ መፈተሽ ጀመረ፤ በ2013 ካርታው ወጣ። ቡድኑ የቀድሞውን ካርታ መስመር በመስመር ለመኮረጅ አልተነሣም። የቀድሞው መመሪያ ለሠዓሊ እጅ የተጻፈ ስለነበር፣ ተጠቃሚዎችን ጠይቆ የሚያስፈልገውን ለየ። የእጅ እርማትንም ጨርሶ አስቀረ። እርማት ከተፈቀደ መረጃው በታደሰ ቁጥር ያው እርማት ይደገማል፤ ካልተፈቀደ ግን መላው ካርታ በየጊዜው ከሥሩ እንደ አዲስ ሊወጣ ይችላል።

ይህ ደረጃን ዝቅ አድርጎ አሸነፍኩ ማለት አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ከፊል እውነትነት አለው፤ የባለሙያ እጅ ያለው ስምምነትና ውበት ጥቂት ቀንሷል። ነገር ግን ያማረው ካርታ ለመታደስ ዓመታት ከፈጀበት፣ አዲስ መንገድ የሚፈልገውን ተጓዥ ውበቱ አይጠቅመውም። የባለሙያው ፍርድም አልጠፋም፤ በእያንዳንዱ ሉህ ላይ ይሰጥ የነበረው ፍርድ ለአገር ሁሉ አንድ ሆኖ የሚሠራ ደንብ ሆነ። ኔዘርላንድስ ሜዳ ስለሆነች ቀላት የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ገደልና ኮንቱር የሞላበት የስዊዘርላንድ ካርታ ሌላ ፈተና አለው፤ የኔዘርላንድስ ደንብ እንዳለ ተወስዶ አይሠራበትም። የሚወሰደው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው።

ስለዚህ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ተቋም ሶፍትዌር ከመግዛቱ በፊት ከካርታው ምን ሊቀር እንደሚችል ተጠቃሚውን ይጠይቅ። ይህን ያልወሰነ ተቋም ምንም ያህል ብልህ ማሽን ቢያመጣ፣ የሚያገኘው የድሮውን ካርታ መጥፎ ቅጂ ነው።