ተራውን የሚያውቅ ቫይረስ

እ.ኤ.አ. በ1939 ኤሞሪ ኤሊስና ማክስ ዴልብሩክ ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ውስጥ አንድ ቀላል ቆጠራ አካሄዱ። ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ፣ ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ ማለትም ከባክቴሪዮፋጅ (ባለሙያዎቹ ባጭሩ ፋጅ ይሉታል) ጋር አገናኙና ፋጁ ምን ያህል እንደተራባ ጊዜ እየለዩ ቆጠሩ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ባክቴሪያዎቹ ይፈነዱ ጀመር፤ የፋጁም ቁጥር በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ ሆነ። ከውጭ ሲታይ ምንም ያልተሠራበት የሚመስለው ያ ግማሽ ሰዓት ለሠላሳ ዓመታት ያህል ታላላቅ ቤተ ሙከራዎችን ሲያመራምር ኖረ። የተገኘው መልስ፣ እኔ እንደማምነው፣ በሥነ ሕይወት ታሪክ ውስጥ ከሚገባው ያነሰ ቦታ ነው የተሰጠው። ፋጅ ዘረመሎቹን ተራ በተራ የሚቀሰቅሰው ጊዜ ቆጥሮ አይደለም፤ የፊተኛው ሥራ ውጤት ለኋለኛው ሥራ መክፈቻ እንዲሆን አድርጎ ነው።

የመጀመሪያው ጠንካራ ፍንጭ የመጣው ከባዮኬሚስቶች ነው። ቲ2፣ ቲ4 እና ቲ6 የተባሉት ፋጆች ዲኤንኤ ውስጥ፣ በሳይቶሲን ፈንታ፣ ባክቴሪያው የማያውቀው የተለወጠ ሳይቶሲን ይገኛል። በ1957 ጆኤል ፍላክስና ሲይሞር ኮኸን የዚህን መሥሪያ ኢንዛይም ጤነኛ ባክቴሪያ ውስጥ ፈልገው አጡት፤ ፋጅ በገባበት ባክቴሪያ ውስጥ ግን በጥቂት ደቂቃዎች ብቅ አለ። ዲኤንኤ የሚቀዱት ኢንዛይሞች ቀድመው፣ የፋጁ ራስና ጅራት የሚሠሩባቸው ፕሮቲኖች ዘግይተው ይመጣሉ። እንግዲህ ግማሽ ሰዓቱ ዝም ያለ ጊዜ አልነበረም። ጠላ የጠመቀ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል፦ ድፍድፉ የሚደፈደፈው ቀን ስለሞላ ሳይሆን ጥንስሱ ስለደረሰ ነው።

ይሁንና በዚያ ዘመን የዘረመል ቁጥጥር ሲባል አስተሳሰቡን የያዘው ሌላ ሥዕል ነበር። ፍራንሷ ዣኮብና ዣክ ሞኖ ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ሆነው በ1961 ባወጡት ጽሑፍ፣ ዘረመልን የሚቆጣጠረው አፋኝ እንደሆነ አስረዱ፤ አፋኙ ሲነሳ ዘረመሉ ይናገራል። በ1965 ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1967 ደግሞ ማርክ ፕታሽኔ ላምዳ የተባለውን ፋጅ ባክቴሪያው ውስጥ አስተኝቶ የሚያኖረውን አፋኝ ፕሮቲን ነጥሎ አወጣ። ሥዕሉ እውነት ነበር፤ ክብራቸውም የተገባ ነው። ነገር ግን አፋኝ የሚያስረዳው ዝምታን ነው። ዝምታው ከተሰበረ በኋላ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ እንደሚናገር በመቆለፊያ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

መልሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ተግተልትሎ መጣ። በ1969 ሪቻርድ በርጀስ፣ አንድሪው ትራቨርስና ባልደረቦቻቸው፣ ዲኤንኤን እያነበበ አርኤንኤ የሚጽፈው የባክቴሪያ ኢንዛይም፣ አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ፣ ከየት መጀመር እንዳለበት የሚያመለክተው ሲግማ የተባለ ክፍል እንዳለው አገኙ። በዚያው ዓመት ጄፍሪ ሮበርትስ ጽሕፈቱን የሚያስቆመውን ሮ የተባለ ፕሮቲን ገለጠ፤ የላምዳ የመጀመሪያ ሠራተኛ፣ ኤን የተባለው ፕሮቲን፣ ፖሊሜሬዙን ማቆሚያውን አሳልፎ ወደሚቀጥሉት ዘረመሎች የሚወስድ መሆኑም በዚህ ግልጽ ሆነ። በ1970 ማይክል ቻምበርሊንና ባልደረቦቹ ቲ7 የተባለው ፋጅ የገዛ ራሱን ፖሊሜሬዝ እንደሚሠራ አሳዩ፤ ይህ ኢንዛይም ከቲ7 መነሻ ምልክቶች ሌላ ምንም አያውቅም። (የኮቪድ-19 ኤምአርኤንኤ ክትባቶች የተጻፉት በዚሁ ኢንዛይም ነው።) የቲ4 ዘዴ ደግሞ ከሁሉም ይደንቀኛል፦ የመጨረሻዎቹ ዘረመሎቹ እንዲነበቡ ፋጁ ራሱ የሠራው ሲግማ ብቻ አይበቃም፤ ዲኤንኤ በሚቀዳበት ጊዜ ክሩን የሚይዘው ቀለበት መሰል ፕሮቲንም ያስፈልጋል። ቅጂው ሳይጀመር መያዣው አይሠራም።

ይህ ሁሉ የየፋጁ የግል ብልሃት እንጂ አንድ መርሕ አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። ብልሃቱ እንደሚለያይ አልክድም፤ መርሑን የሚለየው ፈተና ግን ሌላ ነው። ብሩክሄቨን የነበረው ዊሊያም ስቱዲየር ያጠናቸውን፣ ቁጥር 1 ዘረመላቸው የተበላሸ ቲ7ዎች እንመልከት። ፖሊሜሬዙ የሚሠራው ከዚህ ዘረመል ነው። ፋጁ ደቂቃ የሚቆጥር ቢሆን ኖሮ ኋለኞቹ ዘረመሎች በሰዓታቸው በተነሡ ነበር። አልተነሡም፤ ጊዜው ቢረዝምም የመጀመሪያዎቹ ዘረመሎች ላይ ቆመው ቀሩ። ኤን የሌለው ላምዳም እንዲሁ ነው። ነገሩ የቫይረስ ብቻ ነው ለሚልም ባሲለስ ሰብቲሊስ መልስ ይሰጣል፤ የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ዘመድ የሆነው ይህ ባክቴሪያ ጠንካራውን ስፖር ሲሠራ አንዱ ሲግማ ለሌላው መንገድ እየከፈተ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከላምዳ መጨረሻ ይመጣል። ኤስ ከተባለው ዘረመል ሁለት ተቀራራቢ ፕሮቲኖች ይሠራሉ፤ አንዱ ሽፋኑን ይበሳል፣ ሌላው ያንን ያዘገያል። በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ጉዳት ሳያደርሱ ይከማቹና በተወሰነው ደቂቃ በድንገት ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ በዘረመሉ ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ደቂቃው ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ይህን ሰዓት አይደለም ማለት አልችልም። መጠኑ ሲሞላ የሚደውል እውነተኛ ሰዓት ነው። ግን የሚሞላውም ኪው የተባለው ፕሮቲን በሩን ሲከፍትለት ነው፤ ኪው የሚሠራው ኤን መንገዱን ከጠረገ በኋላ ነው፤ ኤን ደግሞ ፋጁ እንደገባ የባክቴሪያው ፖሊሜሬዝ ከሚያነባቸው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ቀዳዳው ሲከፈት የባክቴሪያውን ግድግዳ የሚበላው ኢንዛይም ያልፋል፤ ህዋሱ ይፈርሳል፤ መቶ ያህል አዳዲስ ላምዳዎችም ይወጣሉ።