የደቻቱ ዳርቻና የነዋሪዎች ማኅበር

ድሬዳዋ ባሕር የላትም፤ ነገር ግን ከተቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ እንደ ወደብ ያገለገለች ከተማ ናት። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ፣ የተራራው አቀበት ወደ ሐረር መዝለቁን ስለ ከለከለ፣ ጣቢያው በተራራው ግርጌ ተተከለ፤ ከተማይቱም «አዲስ ሐረር» ተባለች። ሸቀጡ በጣቢያው ይራገፍ ጀመር። በደቻቱ ወንዝ ምዕራብ ባቡር ኩባንያው በቀጥተኛ መንገዶች የቀየሰው ከዚራ፣ በምሥራቅ ደግሞ መጋላ አደጉ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ በመሆኑ፣ ሕዝቡ እንደ መንገድም እንደ ገበያም ይገለገልበታል። በወደብ ከተሞች ሁሉ የውሃው ዳር እጅግ ተፈላጊ ቦታ እንደሚሆን፣ በድሬዳዋም የዚህ ደረቅ ወንዝ ዳርቻ ለሥራ ፈላጊው ቅርብ የሆነ መኖሪያ ሆነ።

ይህን ቦታ ማን ያስተዳድረው? ለጥያቄው በ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች መልስ ሰጡ። የካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። እንደ ዋሂል ባሉት የድሬዳዋ ዙሪያ የገጠር ቀበሌዎች መሬት የማደላደሉ ሥልጣን፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወስኖ፣ ለገበሬ ማኅበር ተሰጠ። ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ግን የከተማን ቦታ የመንግሥት አደረገ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የተረከበው ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች፣ የቦታ አጠቃቀምና የሕንፃ ሥራ ክትትልን፣ እንዲሁም የሰፈሩን ኑሮ የማሻሻል ኃላፊነትን ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የገበሬው ማኅበር መሬቱን ራሱ ያደላድላል፤ የከተማው ማኅበር ግን ባለቤት ሳይሆን ጠባቂ ነው። ጠባቂነቱ መልካም ሥራ አስገኝቷል፤ ተከራዩ ከአከራዩ ፈቃድ ነፃ ወጥቷል፣ የሰፈር ጠብም በቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ታይቷል። ይሁን እንጂ ከኪራይ የሚሰበሰበው ጥቂት ገንዘብ ጣራ ለማደስ እንኳ የማይበቃ ሆኖ ሳለ፣ ወንዝ የሚያግድ ግንብ ይሠራበታል ማለት ዘበት ነው። ለአንድ መኖሪያ ቤት እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ የፈቀደው ሕግ፣ ወንዙ ሲሞላ የሚይዘውን ስፍራ ለይቶ ለማኅበሩ አላስረከበውም።

ወንዙ ድርሻውን የጠየቀው ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ነበር። ከደጋው የወረደው ጎርፍ የተኙትን ሰዎች ከነቤታቸው ጠረገ፤ ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር መከላከያ ግንብ ተሠራ።

መሬት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት ዛሬም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ወደፊትም ለማኅበር፣ ለድርጅት ወይም ለግለሰብ በይዞታ መሰጠቱ አይቀርም። ባለሙያው ከደቻቱ የሚማረው ቅደም ተከተልን ነው። ከይዞታው ወሰን በፊት የጎርፉ ወሰን በካርታ ላይ ይሰመር፤ ጥበቃውን የሚረከብ ማኅበርም፣ መጠበቂያው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ በርክክቡ ሰነድ ይጻፍለት። ይህ ሳይሆን ቦታ ማስረከብ፣ አደጋን ለድኻው ማስረከብ ነው።